ኩርንችትና ወተት

ካሩ ይባላል አገሩ፤ ዝናብ ቀጥሮ የሚቀርበት፣
ኩርንችት ግን ሳያረፍድ መንገድ ዳር የሚገኝበት።
ብትወረውረው፣ ብትረግጠው፣ አወዳደቁን ያውቃል፤
በሁለት ቀንዱ ይቆምና ሦስተኛውን ያሾላል።

ወንድሜ አብራም የክሊኒኩን ክኒን በጀርባው አዝሎ
ከእርሻ እርሻ ይሮጣል፣ ፀሐይ ሳትበረታ ቶሎ።
የኦም ፍሎርስ ደም ግፊት፣ የታንት ድሪካ ስኳር፣
በዚያች በአሮጌ ብስክሌት፣ በሁለት ጎማ ላይ የሚያድር።
ማክሰኞ ሦስቴ ተነፈሰች።
ሐሙስ አራት።
ቅዳሜ ትከሻው ላይ ተሸክሟት ገባ፣
ሸሚዙ የላብ ጨው ለብሶ፣ ፊቱ የደረቀ ገለባ።

ከመነዳሪዋን አውጥተን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋናት፤
ሃያ ሦስት ልጣፊ፤ ማስቲሽ በማስቲሽ ተደርቦባት
ላስቲኩ የቱ፣ ልጣፊው የቱ እንደሆነ አይለይም።
«ይቺን» አለ፣ «ሃያ አራተኛ አልጨምርባትም።»

«ያለ ከመነዳሪ እንሂድ» አልኩት። «ቱብለስ።»
ሳቀብኝ። «እሱ ለሀብታም ነው። ቸርኬው ልዩ፣ ጎማው ልዩ፣
ዋጋው ከደመወዜ በላይ፣ በከተማ መስኮት ሲያዩ።»
«ለሚገዛ» አልኩት። «ለሚቆርጥስ?»

ጋራዡ ጣሪያ ሥር ተሰቅላ የልጅነቴ ቀይ ብስክሌት አለች፤
ጎማዋ ልጣፊ አያውቅም፤ እሾህ ምን እንደሆነ አላየች፤
እናቴ ከግቢው በር አልፌ እንዳልወጣ ስላዘዘች።
«አስፋልት ሲመጣ ትነጂያለሽ» ትለኝ ነበር።
አስፋልት አልመጣም።
እግሬ ረዘመ እንጂ።

እሷን አወረድኩ። ትንሹን ከመነዳሪ በትልቁ ቸርኬ ላይ ወጠርነው፤
እሱ በጉልበቱ፣ እኔ በጥርሴ ጭምር፣ ሳብነው።
በእናቴ የልብስ መቀስ ወገቡን ዙሪያውን ሰነጠቅነው፤
እንደ ዓሣ ሆድ ተከፈተ።
ውስጡ ገና አዲስ ነበር፤ የፋብሪካው ነጭ ዱቄት እንኳ አልተራገፈም።
«መቀሴን!» አለች እናቴ ከደጅ።
የሳህን ሳሙናዋንም ወስደን የጎማውን ዳር ዳር ቀባን፤
ለሁለተኛውም እንዲሁ፣ እስክትመጣብን እየሰጋን።

አብራም ፓምፑን መታው፤ መታው፤ ትከሻው እስኪዝል፤
አየሩ በዚህ ገብቶ በዚያ ሲወጣ፣ ሳሙናው አረፋ ነፍቶ ይስቅብናል።
ጎሚስታ የለም፤ ቅርብ የሚባለው ዘጠና ኪሎ ሜትር ነው፤
ጎረቤታችን ኒኮዴመስ የትራክተሩን ኮምፕሬሰር አምጥቶ አስነሣው።
ጧ!
ውሻው አጥር ዘለለ።
ጧ! ሌላኛው ጠርዝም ቦታውን ያዘ፤
ኒኮዴመስ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ሰው የሞተ ይመስል ፈዘዘ።

ከዚያ ወተቱ። ከጎማ ዛፍ የተቀዳ፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታው፣
የአክስቴ ልጅ ከኬፕ ታውን በፖስታ የላከው።
የቫልቩን ልብ ነቅለን፣ በክሊኒኩ ስሪንጅ፣ ግማሽ ብርጭቆ አጠጣናት፤
በቀኝም በግራም ይዘን፣ ቅቤ የምትሰጠን ይመስል፣ ናጥናት።
ይህ ወተት ቆሞ ከዋለ ባንድ ወገን ይረጋል፤
ቀዳዳውን የሚያገኘው ሲዞር ነው፤ ያኔ ሮጦ ይደፍናል።

ማታ እናቴ መንኮራኩሩን አንሥታ በጣቷ አዞረችው፤
ከጎማው ዳር የተረፈውን ላስቲክ፣ በዚያው በመቀሷ፣ አሳምራ ከረከመችው።
ምንም አላለችም።

ሰኞ አብራም ተመለሰ። ከሰዓቱ አላሳለፈም።
አሥራ አንድ ኩርንችት ቆጠርን፤ በየሥሩ ነጭ ነጥብ።
አንዱን ልነቅል ስል እጄን ያዘ፤
«ተይው። የወጋው ራሱ ውታፍ ሆኗል።»

እሱ ሲያንቀላፋ ብስክሌቷን ይዤ ወጣሁ።
የግቢው በር ሲጮህ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው።
ጠጠሩ ላይ ጥቂት ነድቼ ከፊት ጎማ ድምፅ ሰማሁ፤
ትስስስ
አንድ፣ ሁለት ብዬ ቆጠርኩ፤
ሦስት ሳልል ዝም አለ።

ዞር ብዬ አየሁ። እናቴ በሩ ላይ ቆማለች።
እጇን አነሣች፤ ልትጠራኝ መሰለኝ።
ፀሐይዋን ልትከልል ነበር።