የሁለት ሰዓት ዜና

ለሲኞር ዶናቶ ሾርባ አጠጥቼ፣
ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ውኃ ውስጥ ከትቼ፣
ዜናው ሲጀምር፣ "ሁሉም ሌባ ነው!" ይላሉ፤
እግራቸውን እያሸሁ እዚያው ያንቀላፋሉ።

እኔ አላንቀላፋም።
ባሪ ላይ ሁለት ነው፣ ትብሊሲ አምስት ሰዓት፣
አደባባዩ ላይ የሰው ጎርፍ ሞልቶበት፣
ፖሊስ ውኃ ሲረጭ በዚህ ብርድ፣ በሌሊት።

ድሮስ ፖለቲካ ለኔ እንደ ዝናብ ነው፣
ጃንጥላ ዘርግቼ የማሳልፈው፤
ከዜና የምሻው የላሪን ምንዛሪ፣
ከምልከው መቶ ዩሮ ስንት እንደሆን ቀሪ።

ዛሬ ግን ስክሪኑ ላይ አፍንጫዬን ለጥፌ፣
ጃኬት እፈልጋለሁ፣ የሰው ባሕር ቀዝፌ፤
ሰማያዊ ጃኬት፣ ከቅዳሜ ገበያ ሸምቼ፣
በድሮ ትዝታ ቁመቱን ገምቼ
የላክሁለት ነው።
"እማ፣ አጠረኝ" ብሎ ስቆ ነበር ያኔ፤
ልጅ ይረዝማል ለካ በሌለሁበት እኔ።

እዚያ ጥግ አንድ ረጅም እጁን ሲዘረጋ፣
እጅጌው ሸሽቶ ሸሽቶ ክርኑን ሲጠጋ—
ካሜራው ዘወር አለ።

ደወልሁ።
"ሻልቫ፣ በላህ?" "በላሁ።" "የት ነህ?" "ቤት ነኝ፣ እማ።"
ቤቱ ሲያፏጭ፣ ሲጮኽ፣ ሺህ ሰው በጨለማ።

አልተቆጣሁትም። እኔስ መች እውነት ነገርሁት?
"ለአንድ በጋ ብቻ" ብዬው አይደል የተውሁት?
ዘጠኝ ዓመት ሆነው ያ በጋ።
"ሻርፕህን ልበስ" አልሁ፤ መስመሩ ተቋረጠ።

ሽማግሌው ባነኑ፣ ኳስ ጨዋታ መስሏቸው፤
"ማን አሸነፈ?" አሉኝ።
"ገና ነው፣ ይተኙ" አልሁ፣ ብርድ ልብስ ስቤላቸው።