ረጋ በይ

«ረጋ በይ» አሉኝ ዶክተር ለሊሴ፣
ጄሉ ሳይጠረግ፣ ሳይወርድ ቀሚሴ።
«እትብት ሦስት መስመር ነው፤ ባንደኛው ደም ረግቷል፤
ሁለቱ ይሠራሉ፤ ልቧም ይመታል።»

ሃያ ዘጠኝ ሳምንት።
ታክሲ እየጠበቅሁ ቃሉን እሰነጥቃለሁ፦
ወተት ሲረጋ እርጎ፣
ሰው ሲረጋ ጨዋ፣
ደም ሲረጋስ?
አምና፣ በሠላሳ ስድስት ሳምንት፣
ስሙን ሳይነግሩኝ ነው ባዶ እጄን የገባሁት።

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ውኃ በሳምንት አንድ ሌሊት።
ቧንቧው ሲያጓራ ደምሰው ይነሣል፣ ጀሪካን ይደረድራል፤
እኔ ነቅቼ ሌላ ቧንቧ አዳምጣለሁ።
ማታ ሁለት ሰዓት ሲል እጁን ይታጠባል፣
ጥፍሩ ሥር የደረቀው ሲሚንቶ አይለቅም፣
በአልኮል ይፈትገዋል።
ከእምብርቴ ራቅ ብሎ ቆንጥጦ ይወጋኛል፣
ዛሬ በግራ፣ ነገ በቀኝ፤ ሆዴ በልዟል።
የአንዱ መርፌ ዋጋ አራት ካሬ ሴራሚክ ነው፤
እሱ እንዲህ ነው የሚቆጥረው።

እትዬ ዘርፌ ከታች፣ «መርፌ ሲበዛ ልጅ ይደነግጣል» አሉ።
ዝም አልኩ።
የፊተኛው ሳይደነግጥ ነው ዝም ያለው።

ሴራሚክ ሲነጠፍ በመሃል የሚገቡ
ትንንሽ ነጭ የፕላስቲክ መስቀሎች አሉት፤
በአንድ ርግጫ አንድ፣ ጣሳ ውስጥ እጥላለሁ።
አሥር ሲሞላ እራት እበላለሁ።

አንድ ማታ ሰባት ላይ ቆመ።
ስኳር ውኃ ጠጣሁ፣ በግራ ጎኔ ተኛሁ፣ ጠበቅሁ።
ስምንተኛው አልመጣም።

ባጃጅ። የቱሉ ዲምቱ መንገድ፣ ጉድጓድ በጉድጓድ።
«እርጉዝ ናት፣ ረጋ ብዬ ልንዳ?» አለ ልጁ በመስታወት እያየኝ።
«አትርጋ!» ብዬ ጮህኩ፣ «አትርጋ፣ አትርጋ!»
ለእሱ ይሁን ለደሟ፣ እንጃ።

አንድ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ግራም።
አለቀሰች፣ በጣም ቀጭን፣ ግን አለቀሰች።
አዋላጇ እትብቱን ወደ መብራቱ ከፍ አደረገችው፤
የተጠማዘዘ፣ ነጣ ያለ፣ መሃሉ ላይ አንድ ጥቁር ክር።
በብልቃጥ ከትተው ላቦራቶሪ ላኩት።

ሰው «እትብትሽ የት ተቀበረ?» ሲልሽ፣ ልጄ፣
ኮዬ እንዳትይ፤ አራተኛ ፎቅ አፈር የለም።
አልተቀበረም በይ። እያነበቡት ነው።

ጣሳው ውስጥ ሰባቱ መስቀሎች አሁንም አሉ።
ደምሰው ትናንት ለሥራ ሊወስዳቸው አነሣቸው።
«ረጋ በል» አልኩት። «እነዚያን ተዋቸው።»