ኖ ፕሮብሌም

ማክሰኞ በማታ፣ ፈረቃው ሲያበቃ፣
በደብሩ መጋዘን፣ በገና ዛፍ መሃል፣ በተጣለ ዕቃ፣
በሕፃን ወንበር ላይ ጉልበት አጣጥፈን፣
አሥራ አንድ የቲሞር ልጆች፣ ክሎሪን የጠጣ መዳፍ አሰልፈን፣
ከዲሊ ዳንጋነን ድረስ ሥጋ ልንቆርጥ የመጣን፣
ቃል ሥጋ ሆነ ይባላል፤
እዚህ ሥጋው ሞልቶ ቃሉን ነው ያጣን።

እስከ ዛሬ ድረስ የነበረን ስንቅ
ሁለት ቃል ናት ብቻ፣ ባንድ ጉንጭ የምትደበቅ፦
«ኖ ፕሮብሌም»።
መርቪን፣ አለቃችን፣ ጠዋት ጠዋት መጥቶ፣
ጣቱን አረንጓዴው ማስነሻ ላይ ሰክቶ፣
«ችግር አለ?» ይላል።
«ኖ ፕሮብሌም!» ይላል መስመሩ በሙሉ፣
ጓንታቸው የሳሳ፣ ወገብ የከዳቸው፣ እንቅልፍ ያልቀመሱ፣ አንድ ላይ ሆነው ሁሉ።

ብሮና በቾክ ጻፈች፦ «ሾርት ስታፍድ»።
ዶሚንጋስ ደነገጠች።
ሳጥን ላይ ቆማ ነው መንጠቆው ላይ የምትደርሰው፣ ያውም ተንጠራርታ፤
መርቪን ይህን ቃል ለሥራ አስኪያጁ ሲያማርር ሰምታ፣
«አጭር ሠራተኛ» መስሏት፣
ሦስት ወር ሄደች ከጫማዋ ውስጥ ካርቶን አጥፋ ከታ።
ለካስ እጥረቱ የሰው ነው፤ ቁመቷን ማንም አልለካ።
ሳቅን። እሷም ሳቀች፣
ሳቋ ግን ዘግይቶ፣ ጫማዋን እየነካካ።

ቀጥሎ «ዴድላይን»።
«ይቺን እንኳ ዐውቃለሁ» አለ አጋፒቶ፣ እጁን አውጥቶ፣
«የሙታን መስመር ነው፤
እግር ወደ ላይ፣ አንገት ወደ ታች፣ በደቂቃ መቶ።»
ብሮና ልትስቅ አፏን ከፍታ፣
ቾኳን አየችው ለአፍታ።
«የጊዜ ገደብ ነው» አለች፣ ዝግ ብላ፤
የሱንም ትርጉም ጻፈችው ግን፣
ከራሷ ጎን፣ እኩል አደላድላ።

ከዚያ መጣ ያ ግስ።
«ሬይዝ» ማለት ማንሳት ነው።
ማንሳትማ እናውቃለን!
ሃያ ሁለት ኪሎ ሳጥን፣ ከወለል እስከ ደረት፣
ከደረት እስከ መደርደሪያ፣ እንደገና ከወለል፣ የምን ዕረፍት።
ብሮና ግን ባዶ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ
«ጉዳይም ይነሳል» አለች፤
«ጥያቄ ይነሳል፣ ቅሬታ ይነሳል»፤
ምንም ሳትይዝ አየር አነሳች።
ዶሚንጋስ ያበጠ የቀኝ አንጓዋን በግራዋ አቅፋ፣
እጅጌዋን ጎትታ፣ ከኛ ሸፋፍና፣
«ባዶ እጅ ይከብዳል?» ብላ ጠየቀች።
«ከሁሉ ይከብዳል» አለች ብሮና፣
የቾክ ብናኝ ከቀሚሷ እያራገፈች።

ረቡዕ ጠዋት መርቪን መጣ። ጣቱን ሰካ። «ችግር አለ?»
መስመሩ የለመደውን ሊል አፉን ሲከፍት
ከሳጥኑ ላይ አንድ ቀጭን ድምፅ ቀደመን፤
ዓረፍተ ነገሯን እንደ እንቁላል ይዛ፣ እንዳይሰበር ፈርታ፦
«አንድ ጉዳይ ላነሳ እወዳለሁ።»
መርቪን ቀላ፣ ወይ ነጣ። ከቢሮው ቅጽ አመጣ፣
አራት ገጽ። «እዚህ ጻፊው፣ በገዛ እጅሽ፤ ከመስመር እንዳይወጣ።»
በየትኛው እጅ?
ቀኙ አይታጠፍም፤ ስለሱ ነው ክሱ።
በግራዋ ጻፈች፤
ፊደሎቹ እንደ ጫጩት ተረማመዱ፣ ሲወድቁ ሲነሱ።

ሐሙስ መልስ የለም። ዓርብም የለም።
ቅጹ ከመሳቢያ፣
መሳቢያው ከቁልፍ፣ ቁልፉ ካንድ ሰው ኪስ፣
ሰውየውም ስፔን፣ ከባሕር ማረፊያ።

ሰኞ መርቪን መጣ። ጣቱን ሰካ።
«ችግር አለ?»
ማንም አልመለሰ።
እኔም ሁለቱን ቃላት ከጉንጬ ሥር አገኘኋቸው፤
ዋጥኳቸው።
መንጠቆዎቹ ባዷቸውን በላያችን ቆመው፣
መርቪን ይጠብቃል፣ ጣቱ ቁልፉ ላይ፣ ሳይጫን።
ያን ያህል ጸጥታ አንስተን አናውቅም፤
ክንዳችን ተንቀጠቀጠ።