የአልሴ ትንሿ ጣት

ትንሿ ጣቱ አትቃናም፤ ወደ ጎን ታያለች፣
እንደ ተቀየመ ዘመድ፣ ፊቷን አዙራለች።
ቡፋሎ ላይ ነው፣ በረዶው ሲወርድ፣
በብርድ የደረቀች ኳስ፣ አጥንቱን ስትንድ።
ሐኪሙ፦ «ተሰብሮ እንደገና ይገጠም» አለው፤
አልሴ ሳቀ፦ «ሰኞ ልምምድ አለብኝ፤ ተወው።»

እግር ኳስ ይሉታል እንጂ፣ የሱስ የእጅ ሥራ ነው፤
ቤቱን የቀለበው፣ አየር ላይ ቀልቦ ነው።
ሁሉም ሲበተን ማታ፣ ብቻውን ሜዳ ቀርቶ፣
ኳስ በሚተፋው ማሽን ፊት፣ መብራት እስኪጠፋ ተግቶ።
እናቱ ኦዲል ግን፣ ኳሷ ወደሱ ስትበር፣
ዓይኗን ጨፍና፣ ጩኸቱን ሰምታ ነው የምታውቅ የነበር።

ስምንት ዓመት፣ አምስት ከተማ፤
ሻንጣው ሳይፈታ፣ ደግሞ «ሂድ» ሲሰማ።
ማክሰኞ ጠዋት ነው ሁልጊዜ፦
«አሠልጣኙ ይፈልግሃል። ታብሌትህን ይዘህ ና።»
ታብሌቱን አስረክቦ ይወጣል። በቃ።

ነዳጅ ማደያ ቢቆም፣ የሚጠይቁት ያችኑ ነው፤
ዳላስ ላይ፣ ከመስመሩ ሁለት ክንድ ሲቀር ያመለጠችው።
የያዛቸው ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ፣
አንድም ጠያቂ የላቸው።

አሁን ኦፔሉሳስ ውስጥ ቀለም ይሸጣል።
ጉልበቱ ደረጃ ሲያይ፣ ሳይወጣ ያመዋል።
ትናንት አንድ ጣሳ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ተንሸራቶ
ከአንድ ሕፃን ራስ በላይ
ሳያይ ቀለበው፤
በዚያችው በጠማማዋ።
እናትየው ጮኸች። ልጁ «ድገመው!» አለ።
አልሴ ጣሳውን ገልብጦ
ዋጋውን አነበበላት።