ወንበር ላይ የቀረች ነጠላ

ቱርኩ ወደብ፣ የመርከብ ቢሮ፣ ጥቅምት፣ ከቀኑ ዘጠኝ፤
ስልክ ጠራ፤ ቱሊኪ አነሣች። "አራተኛው መርከብ ቀረብኝ"
አለ አንድ ሽማግሌ፣ ሳይጮኽ፣ ሳይቆጣ፤
"ትናንት ሦስቱ ሄዱ፣ አየኋቸው፤ አራተኛው ግን አልመጣ።"

"ጌታዬ፣ አራተኛ የለም፤ በቀን ሦስት ብቻ ናቸው፤
የጠዋት፣ የቀትር፣ የማታ፤ እኔው ነኝ የጻፍኋቸው።"
"እኔ ኮምፒውተር ላይ አራት ነው፤ የመጨረሻው ባዶ ነው፤
ሃያ ደቂቃ ቆምሁለት፤ ደግነቱ ባሕሩ ጸጥ ያለ ነው፤
ቅርም አላለኝ። ብቻ ንገሪኝ፣ ሰዓቱ ስንት ነው?"

አርኖ ከጠረጴዛው ማዶ፣ አንገቱን ሳያቀና፣
"እኔ ጋ ሦስት ነው" አለ፤ "ሽማግሌ ነውና..."

እኔ ጋ!
ስንቱ ስሕተት ተቀብሯል በዚች አጭር ቃል፤
ሁሉ የራሱን ደጅ ሲያይ የሌላው ቤት ይቃጠላል።

ከመደርደሪያው ሥር ጎትታ አሮጌውን ማሽን አወጣች፤
አቧራውን በክንዷ ጠርጋ፣ ሶኬቱን ሰክታ ጠበቀች።
ማራገቢያው አስም እንዳለው ሰው እያፏጨ ሲተነፍስ፣
ገጹ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ሲደርስ፣
አንድ። ሁለት። ሦስት።
ከሥራቸው ስም የለሽ፣ ሰዓት የለሽ አንድ መስመር፤
ታውኖ እንዳለው፤ በሩቅ ሲያዩት መርከብ ይመስል ነበር።

ኮዱን ከፈተች። ድርድሩ አጭር፤ ሦስት ስም በቅንፍ ታጥሮ፤
ከሦስተኛው ስም በኋላ ግን፣ ማንም ሳያየው ኖሮ፣
አንድ ነጠላ ሰረዝ አለች፤ ከኋላዋ ምንም የለ፤
በጸደይ አራተኛ ጉዞ ይጨመራል ተብሎ ነበር፣ ገንዘብ ካለ።
ገንዘብ አልነበረም። ምክር ቤቱ መከረና ሰረዛት፤
ጉዞዋን ሰረዛት እንጂ፣ ሰረዟን ግን ረሳት።

ቱሊኪ በቋንቋዋ በሌላ ስም ትጠራታለች፤
እኛ ዘንድ ያቺ ጭረት "ነጠላ" ትባላለች፤
እኔም ነጠላ ስል የምትታየኝ በአግዳሚ ጫፍ የተጣለች፣
ባለቤቷ የት እንደ ሄደች ሳትናገር የቀረች።
አንዱ አስተናጋጅ አይቷት "ሰው አለበት" ይላል፤
ሳህን ያስቀምጥላታል፣ እንግዳ ቆሞ ያያል።
ሌላው አጣጥፎ ያነሣታል፤ "የተረሳች ናት" ይላል፤
"እኔ ሰው ነው የምቆጥር፤ ጨርቅ ማን ይቆጥራል?"
ብራውዘሮቹም እንደዚሁ፣ አንዱን ጽሑፍ ያነባሉ፤
አንዱ ሦስት፣ አንዱ አራት፤ ሁለቱም ልክ ነን ይላሉ።

አመሹ። ሌላም አገኙ።
በአንዱ ሲደረደሩ እኩዮች እንደ አመጣጣቸው ይቆያሉ፤
በሌላው፣ ዐሥርን ካለፉ፣ ተራ ይቀማማሉ።
አንዱን "ይህ ስም የት ነው?" ሲሉት ቦታውን ቆጥሮ ይናገራል፤
አሮጌው ጥያቄውንም አያውቅ፤ ዐይኑን አፍጥጦ ይቆማል።

"ስሙን እንጠይቀው" አለ አርኖ፤ "ማንነቱን ካወቅን..."
ሣቀች። "ሁሉም በሌላው ስም ነው የሚምለው፤ ምን ሊጠቅመን?
ትችላለህ ወይ? በለው። ከቻለ፣ ይሥራ ተወው፤
ካልቻለ ቁጭ በልና እንደ ልጅ አንተ አስተምረው።"

የማያውቀውን ጻፉለት፤ ሌሊቱ ተጋመሰ፤ ቡናው ቀዘቀዘ።
በመጨረሻ ጣቷ ወረደ፤ ሰረዙም ተሰረዘ።

ጠዋት ደወለች። "ስሕተት ነበር። አራተኛ የለም።"
"አውቃለሁ" አለ ታውኖ፤ "ጋዜጣው ላይ ሲወጣ አላመለጠኝም።
ያ ባዶ መስመር ግን ሲታይ፣ ሐሳባቸውን የለወጡ፣
ሰዓቱን ብቻ ሳይቆርጡ የቀሩ መሰለኝ፣ ገና እየተቀመጡ።"

ቱሊኪ መልስ አጣች።
"የማታዋስ?" አለ ቆይቶ፤ "ሰዓቷ አልተለወጠም?"
"አልተለወጠም።"
"እሱስ ደግ ነው" አለ፤ ስልኩን ግን አልዘጋም።