ሁለት ፍርግርግ

ገራዶ ከገባን ዘጠኝ ቀን ሆነን።
ቤቱ ቀለም ቀለም ይሸተናል፤ ገና አልለመደን።
ማታ እጄ ግድግዳ ሲዳብስ ያመሻል፣
ማብሪያው በግራ ነው፤ እጄ ግን የድሮውን በቀኝ በኩል ይሻል።

ዘይነባ ካርቶን ትፈታለች። ቢላው ጠፍቷል።
"ድስት" ብላ ከጻፈችበት የልጆች ደብተር ወጥቷል።
ከጓዳው መቃን ላይ በእርሳስ የተሰመረ
የማናውቀው ልጅ ቁመት አለ፣ ዓመት በዓመት የጨመረ፤
ቀቢው ሊያጠፋው ሲል "ተወው" አልኩት፣ ቀረ።

ነገ አረፋ ነው።
ከቧንቧው ስር ታስሮ በጉ ያመነዥካል፣
ጦሳ ራሱ ጉም ለብሶ የተኛ በግ ይመስላል።
ከብየዳ ቤት ግማሽ በርሜል አሰንጥቄ አመጣሁ፣
ከሰል ግን ረሳሁ።

የጎረቤቴን በር መታሁ። "አበጋዝ" ብሎ እጁን ዘረጋልኝ፣
ከሰሉን በማዳበሪያ እስከ አፉ ሞልቶ ሰጠኝ።
"ነገ ሶላት አብረን እንውጣ?" ብለው ሳቀ፣
ጥቁር ማተቡን መዘዘና ከሸሚዙ አላቀቀ።
"ስሙን ከአያቴ ወረስኩት፤ ሰጋጅ ነበር እሱ።
ቢላዬን ግን አልሰጥም፣ የራሳችሁን ፈልጉ፤ ከሰሉን ጨርሱ።"
አፍሬ ስቆም፣ በርሜሉን በስንዝር ይለካል፦
"ይሄማ ሰፊ ነው፣ ሁለት ፍርግርግ ይችላል፤
ዶሮዬን ባርኬ እመጣለሁ፤ እሳቱ ይበቃናል።"

ቢላው ማታ ተገኘ፣ ከቦቲ ጫማ ውስጥ ተወትፎ።
እሳቱን ሞከርኩት፤ ጭሱ በመስኮት ገባ፣ በመጋረጃው አልፎ፤
መጋረጃ ገና የለንም፣ አንሶላ ነው፣ ልናገር እውነቱን፤
"አሁን ቤት ቤት ሸተተ" አለች ዘይነባ፣ ሳትዘጋ መስኮቱን።