በረዶው የለቀቀው ቤት

ቺኖ ላይ ውርጩ ጥርስ ሲያበቅል፣
ማሳው ሩዙን ሰጥቶ ባዶውን ሲውል፣
ቶኩጂሮ ይወጣል አንጋጦ ሊለምን፣
ዝናቡን አይደለም፣ አይደለም ብርሃን፤
ብርድ ነው ልመናው፦ ደኅና፣ የታወቀ ብርድ፣
ሌሊት ድንጋይ የሚያደርግ፣ ቀን ቁጣው የሚበርድ።

ከኢዙ ባሕር ግርጌ፣ ትንፋሽ ቋጥረው ጠልቀው
ሴቶች የነቀሉት ቀይ ሣር ነው ጥሬ ዕቃው።
በጋን ሙሉ ፈልቶ፣ በጨርቅ ተጣርቶ፣
ሲነጋ ይገኛል እንደ እርጎ ረግቶ።
ይቆርጡታል በልክ፣
ገለባ ላይ ያሰጡታል ከመስክ እስከ መስክ።
ሀገሬው «ቀዝቃዛ ሰማይ» ብሎ ስም አወጣለት፤
ሳይንሱ አጋር ይለዋል፤
እኔ በሁለተኛው ስም ትንሽ ቆየሁበት።

ሌሊት በሆዱ ያለው ውሃ በረዶ ይሆናል፤
ግድግዳ ገፍቶ ገፍቶ፣ ጓዳ ከጓዳ ይለያል፤
ረፋድ ላይ ፀሐይ ስታባብለው ቀልጦ፣
ይወጣል ጠብ ጠብ እያለ፣ ኪራዩን ሳይከፍል አምልጦ።
ቤቱ ግን አይፈርስም።
ሁለት ሳምንት እንዲህ ነው፤ ሲገባ፣ ሲወጣ፣
ነጭ፣ ቀላል፣ በቀዳዳ የተሞላ ነገር እስኪመጣ፣
እፍ ቢሉት የሚሄድ፣
ባዶነቱ ከአካሉ የሚከብድ።

*

ልጁ ቺሆሪ ማሳውን አልወረሰችም።
ማትሱሞቶ፣ ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣
የአባቷን ሌሊት በብረት ሣጥን ቀጥራዋለች።
አጋር ታቀልጣለች፣ ከዓሣ ቆዳ የወጣ ጄላቲን ጣል ታደርጋለች፣
«አባቴ ይለምናል፤ እኔ ቁልፍ እጫናለሁ» ትላለች።

የመጀመሪያው ጄል ከሸፈ።
ቸኩላ፣ ብርዱን ባንዴ ለቃበት፣
በረዶው እንደ አሸዋ ደቀቀ፣ ቀዳዳው ጠበበበት፤
የሰው ሕዋስ መጥቶ፣ አንኳክቶ፣ አንኳክቶ፣
ደጅ ላይ ሞተ፤ መግቢያ አጥቶ።
ሁለተኛውም። ስድስተኛውም።
በሰባተኛው ማታ አባቷ ጋ ደወለች፣
«ምን ላድርግ?» አለች።
ሽማግሌውን ሳል ያዘው። ከዚያም፦
«ቸኩሎ የመጣ ብርድ ጠባብ ቤት ነው የሚሠራ፤
አታጣድፊው፤ በእግሩ ይውረድ ከተራራ።
እራት በላሽ?»
አልበላችም።

*

ያሱኤ ሶባ ኑድል ትሸጥ ነበር፣ ቆማ፣ አርባ ዓመት፤
ስኳሩ እግሯን ሲበላ፣ ተረከዟ ላይ ጉድጓድ ከፈተባት።
አሥራ አራት ወር ሙሉ ፋሻ ተቀየረ፤
ቁስሉ ግን አፉን ከፍቶ ቀረ።
አሁን ቺሆሪ በር ላይ ቆማ ታያለች፤
ነርሷ በጉድጓዱ ልክ ቆርጣ፣ በወረንጦ ታስቀምጣለች።
ደም ጠጣ። አበጠ። ዝም አለ።
ከዚህ በኋላ የሚሆነው በዓይን አይታይም፦
አንድ ሕዋስ፣ ዳር ዳሩን ዳብሶ፣
በረዶው የለቀቀውን ጓዳ ያያል ተመላልሶ፤
ይወደዋል። ዘመድ ይጠራል። የደም ሥር እንደ ክር ይገባል።
ጄላቲኑን ሥጋዋ ቀስ በቀስ ይበላል፤
አጋሩ፣ ሥራው ሲያልቅ፣ ከዳር እየተላጠ፣
ከፋሻ ጋር ተጣለ፤ ስሙን ብቻ አስቀመጠ።

*

ዘንድሮ ቺኖ ላይ ውርጩ ዘገየ።
በጥር ዝናብ ጣለ፤ ግማሹ ጄል ገለባው ላይ ሻገተ።
ቶኩጂሮ ባቡር ተሳፍሮ ማትሱሞቶ መጣ፣
የሣጥኑን ብረት በመዳፉ ዳበሰ፣ ጆሮውን ለጠፈ፤
«ደኅና ብርድ ነው» አለ።
ቆይቶ፦ «የመብራቱ ሂሳብ ስንት ይመጣል?»

ያሱኤ ገና አልዳነችም፤
የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቀዳዳ ቀርታለች።
ሽማግሌው ከጠረጴዛው አንዱን ነጭ ቁራጭ አነሣ፣
መዳፉ ላይ አኖረ፣
በማሳው እንደ ለመደው እፍ አለበት።
ክፍሉን አቋርጦ ሄደ።